የእስስት ቀለም በላሜራ ላይ

ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል በሚወስደው መንገድ ጀርባ፣ በሁለት የቀበሌ ቤቶች መካከል በተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ጋራዥ ነበር። ስም የለውም፤ ሰው «እነ ኑሪ ጋ» ይለው ነበር። ኑሪ ባትላሜራ ነው፤ የተጨረመተ የመኪና አካል በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያቃናል። የኑሪ መዶሻ ዝም ሲል የተከስተ ሥራ ይጀምራል፤ ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ቀለም ይቀባል።

ቀለም የሚቀባ በቂርቆስ ሞልቷል። ቀለም የሚያገኝ ግን እንደ ተከስተ አልነበረም። አሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ የላሰው የላዳ ሰማያዊ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሰማያዊ አይደለም። አንድ በር ብቻ ተጋጭቶ የመጣ እንደሆነ፣ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ካልተዋሐደ መኪናው እራፊ የተጣፈበት ሱሪ ይሆናል። ተከስተ መኪናውን ወደ ፀሐይ ያስወጣል፤ እጁን አጣምሮ አጠገቡ ይቆማል። ከዚያ ገብቶ ከነጩ ጥቂት፣ ከሰማያዊው ጥቂት፣ ከጥቁሩ በእንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ አድርጎ ያማስላል። መለኪያ የለውም። ሲጨርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ይቀባና በሩ ላይ ያስጠጋዋል። ጥፍሩ ከጠፋ ቀለሙ ተገኝቷል ማለት ነው።

«የዚህ ሰውዬ ዓይን ሚዛን ነው» ይል ነበር ኑሪ ለደንበኞች። «አፉን ግን አትጠይቁኝ። በቀን ከሦስት ቃል በላይ ያወራ ዕለት ሰደቃ አወጣለሁ።»

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ትግርኛና አማርኛ እያቀላቀለ የሚቀልድ፣ ስታዲየም ገብቶ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኽ ሰው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ባለቤቱ ፀሐይቱ፣ የአሥር ዓመት ልጃቸውን መርሃዊትን ይዛ፣ ብዙ ሰው በተሳፈረበት አውቶቡስ ሄደች። እሷ የተወለደችው ከመረብ ወዲያ ነው፤ እሱ ወዲህ። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። በቀይ መስቀል በኩል በዓመት አንዴ የምትመጣ፣ ለሰላምታ ብቻ የምትበቃ ደብዳቤ ነበረች። ተከስተ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻውን ቀረ። ቤት ሲገባ ቶሎ ብሎ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ወሬ ሊሰማበት ሳይሆን ሰው ያለበት ቤት እንዲመስልለት። እሑድ ጋራዡ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። በእግሩ እስከ መስቀል አደባባይ ይወርድና፣ በማለዳ የሚሮጡትን ልጆች ቆሞ አይቶ ይመለሳል።

ኩልሱም የመጣችው በ1996 ዓ.ም. በጥቅምት ነው። የቄራ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ሱሩር የተጋጨች ታክሲውን ሊወስድ ሲመጣ ተከትላው መጣች። ሱሩር በሩን እየዳበሰ አዲሱን ቀለም ከአሮጌው የሚለየውን መስመር ፈልጎ አጣ። እሷ ግን መኪናውን ትታ የተከስተን ጥፍር ታይ ነበር።

«ጋሼ ይቅርታ» አለችው። «የማንኛውንም ነገር ቀለም እንዲህ ማግኘት ይችላሉ?»

«መኪና ከሆነ።»

«መኪና ካልሆነስ? ማለቴ… በሕይወት ያለ ነገር ቢሆን?»

ኑሪ መዶሻውን አስቀመጠ። «ምን ልታስቀቢ ነው እህቴ? በግ?»

«እስስት።»

ሱሩር ግንባሩን ያዘ። «ጀመረች! አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት እንኳን ተይ በቃ። እናታችን ጓዳ ገብታ እስስት አግኝታ ሠፈሩን በጩኸት አናግታው ነበር፤ የዚህችው ሥራ ነው።»

«ከነከሰች ጥርሷ ሥጋ ውስጥ ይቀራል ይላሉ» አለ ኑሪ።

«እኔን አሥር ጊዜ ነክሳኛለች፤ ይኸው ጣቴ።» እጇን ዘርግታ አሳየችው።

ነገሩን ያስረዳችው ለተከስተ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ ባዮሎጂ። የደጋ እስስቶችን ታጠናለች፤ ከአንዱ ደጋ የመጣችው ከሌላው ደጋ ከመጣችው በምን እንደምትለይ። ችግሩ ቀለም ነው። እስስት ከሞተች ቀለሟ ይጠፋል፤ አልኮል ውስጥ ስትከርም ከየትም ትምጣ ከየት አመዳም ትሆናለች። ፎቶ አንሥታ ነበር። እዚህ ካዛንቺስ ስታሳጥበው ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ያንኑ ፊልም ሌላ ቦታ ስታሳጥበው አረንጓዴ ይሆናል።

«ፎቶ ውሸታም ነው» አለ ተከስተ። ኑሪ ቀና ብሎ አየው፤ ሳይጠየቅ መናገሩ ነበር።

አሠራሩን ያገኘው እሱ ነው። ከኑሪ ቁርጥራጭ ላሜራ መዳፍ የሚያህል እየቆረጠ ነጭ መሠረት ይቀባዋል። እስስቷን ከላዳ በተነቀለ አንቴና ላይ ያወጣታል፤ እሷም በሁለት ጣት እንደ ቆንጣጭ አንቴናውን ይዛ ትቆማለች። ከራሷ፣ ከጎኗ፣ ከጎኗ በታች ካለው ጭረትና ከጉሮሮዋ አራት ቀለም ይፈልጋል። እያንዳንዱን በጥፍሩ ሞክሮ፣ ጥፍሩ እስስቷ አጠገብ ሲጠፋ፣ ላሜራው ላይ አንዳንድ መስመር ያሰምራል። ከላሜራው ጀርባ በምስማር አገሯንና ቀኑን ይጭርበታል።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው ኩልሱም በመጀመሪያው ቀን። «ስትደነግጥ ትጠቁራለች፤ ስትናደድም ትለዋወጣለች። ስትረጋጋ ብቻ ይያዙልኝ።»

«መረጋጋቷን በምን አውቃለሁ?»

«ጸጥ ትላለች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚዞረው።»

ተከስተ ይህን ቃል እንደ ውል ያዘው።

እስስቶቹ ከሁለት አገር ነበር የሚመጡት። የእንድብሮቹን የኩልሱም አባት ወዳጅ የሆነ መምህር እያስያዘ፣ በአቡጀዲ ከረጢት አድርጎ በአውቶቡስ ይልካቸዋል። የአውቶቡሱ ረዳት ሐሙስ ማታ ጋራዡ ድረስ አድርሷቸው ይሄዳል፤ ተከስተም ዓርብ በማለዳ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ኑሪ ሳይመጣና ኮምፕሬሰሩ ሳይነሣ ቀለማቸውን ይይዛል። የቀለም ሰው ልማድ ነው፤ ጥሩ ሥራ አቧራ ሳይነሣ በማለዳ ይሠራል። የአሰሎቹን ግን ኩልሱም ራሷ ዓርብ አሰላ ሄዳ፣ እዚያ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ፈየራ የሚባል ጓደኛዋ እየረዳት ይዛ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ እንደወረደች ታመጣቸዋለች። ተከስተ እሷ ፊት ይሠራል። እሷ ከአሮጌ ፊያት ተነቅሎ ግድግዳ ሥር በተቀመጠው የኋላ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጣለች፤ አቧራ በአቧራ ናት፤ ታወራለች።

በዚያ ዓመት የተከስተ ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት ይላጫል። ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። ኑሪ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ አቧራ በጠጣ የመኪና ኮፈን ላይ በጣቷ መስመር አሰመረችለት።

«ይኼ ስምጥ ሸለቆ ነው። ወዲህ የጉራጌ ደጋ፣ ወዲያ የአርሲ ደጋ። መካከሉ ይሞቃል፤ የደጋ እስስት ወርዳ አትሻገረውም። ብዙ ሺህ ዘመን ሳይገናኙ ከኖሩ ቀስ በቀስ ሊለያዩ ይችላሉ።»

«ሌላ እንስሳ ይሆናሉ?»

«ወዲያው አይደለም ጋሽ ተከስተ። ዝርያቸው አንድ ሆኖ በየአካባቢው መልካቸው ብቻ ሊለይ ይችላል፤ እዚያ አገር ቢጫ ይበዛል፣ እዚህ አገር ቡኒ። ይኼ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ልዩነቱ የጸና ከሆነ፣ ቅርፊቱ፣ ቁመቱ አብሮ ከተለየ፣ እያንዳንዱም የራሱ አገር ካለው፣ ያኔ ንዑስ ዝርያ ሊባል ይችላል። ሌላ ዝርያ የሚባሉት ከዚያም ሲያልፍ ነው፤ ቢገናኙ እንኳን የማይዋለዱ ሲሆኑ።»

«ማን ነው የሚወስነው?»

«አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው ይከራከረዋል። በቃ እንደዚህ ነው።»

ተከስተ አቧራው ላይ የተሰመረውን መስመር ሲያይ ቆየ። ሰኞ ያንን ኮፈን ሲያጥብ መስመሩን መጨረሻ ላይ ነው ያጠበው።

ላሜራዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ልዩነቱ ለማንም የሚታይ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሁለት ረድፍ አድርገው ሰቀሏቸው። የእንድብሮቹ ጥቁር ቡኒ ናቸው፤ ጭረታቸው የደረቀ ደም ይመስላል። የአሰሎቹ ለጋ ሣር ናቸው፤ ጉሮሯቸው ላይ የሎሚ ቢጫ አለ።

ኑሪ፣ የጉራጌ የጉመር ሰው፣ ፊታቸው ቆሞ ፍርድ ሰጠ። «የኛ አገሯ ሥራ ስለሚበዛባት ነው የጠቆረችው። የአሰላዋ ወተቷን ጠጥታ ትተኛለች።»

ኩልሱም እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ተከስተ፣ አማካሪዬ አየው» አለች። «የቅርፊት ቆጠራዬ ብዙም ልዩነት አላሳየም፤ ቀለሙ ግን አስገርሞታል። ከዲፌንሴ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ከተከላከልኩ በኋላ፣ አብረን ለመጽሔት እንጻፈው ብሎኛል። ሁለት መልክ ብለን። ምናልባትም ከዚያ በላይ። የእርስዎ ስም ምስጋናው ላይ ይገባል።»

«የኔ ስም ምን ያደርጋል» አለ ተከስተ። ግን ያን ቀን ከሄደች በኋላ ሬዲዮውን ሳይከፍት አመሸ።

ዲፌንሱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በግንቦት፣ ኩልሱም የጽሑፉን መጨረሻ ለመጨረስ ከቤት አልወጣ አለች። በዚያ ሳምንት የአሰላዋን አንዲት እስስት ፈየራ በአውቶቡስ ላካት፤ አውቶቡሱ ሞጆ ላይ ጎማው ፈንድቶ ሐሙስ ማታ ነው የገባው። ከእንድብርም አንዲት መጥታ ነበር። ሁለቱም ከረጢታቸው ውስጥ አድረው፣ ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ተከስተ የአሰላዋን አንቴናው ላይ አወጣት። ጸጥ ብላለች። ዓይኗ ብቻ ይዞራል። ቀለሟን ይዞ ጨረሰና ላሜራውን ሊሰቅለው ወደ ግድግዳው ሄደ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ላሜራው የሚገባው ከእንድብሮቹ ረድፍ ነበር። ጥቁር ቡኒ፤ ጭረቱ የደረቀ ደም።

መጀመሪያ ከረጢቶቹን የቀየራቸው መሰለው። የሁለቱንም ጽሑፍ አየ፤ አልተቀየረም። ከዚያ ፈየራ ተሳስቶ ይሆናል አለ። ይህን ሲያስብ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ካለው ኪዩስክ ጣራ በላይ ወጥታ አንቴናው ላይ አረፈች፤ እስስቷም ጎኗን እንደ ቅጠል አስፍታ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ተከስተ ቆሞ አያት። ቀለም ሲደርቅ እንደሚጠብቀው ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ቡኒው ሳስቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ።

ያን ቀን መኪና አልነካም። የእንድብሯንም አውጥቶ በሌላ እንጨት ላይ ከአጠገቧ አስቀመጣት። የአሰላዋን በየሰዓቱ ያዛት፤ ከአንድ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ስምንት ላሜራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀርባቸው ሰዓት ጻፈባቸው። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ለጋ ሣርና የሎሚ ቢጫ ነበር። ወደ እንድብሯ ዞረ። እሷም እንደዚያው። ምናልባት ጉሮሮዋ ላይ አንዲት ነገር፣ ቢጫው ትንሽ የደከመ ይመስላል፤ እንዳይምልበት ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥ የዋለ ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር።

ገባው። ይህ አረንጓዴው ብቅ ካለ ጀምሮ ሲገባው የቆየ ነገር ነው፤ የእንድብሮቹን ሁሉ የያዘው በማለዳ ብርድ ነው፤ የአሰሎቹን ሁሉ ከቀትር በኋላ ባለው ሙቀት። ለካ ጠዋት ጸጥ የሚሉት ስለተረጋጉ አይደለም፤ ስለበረዳቸው ነው። ጠቁረው ፀሐይ እየጠበቁ ነው። በሃምሳ ሁለቱ ላሜራ ላይ የያዘው የሁለት አገር ቀለም አልነበረም። የሁለት አውቶቡስ መግቢያ ሰዓት ነበር።

ጠዋቱን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ኑሪ አጠገቡ መዶሻውን ሲያንኳኳ ነበር። ከዚያ ኑሪ ለጁምዓ ሰላት ሄደ፤ ጋራዡ ጭር አለ። በየሰዓቱ መሐል በነበረው ጊዜ ተከስተ ያሰበው ይህን ነው። ነገ ቅዳሜ ነው። ትመጣለች። ቢነግራት ጽሑፏ ይፈርሳል፤ ጽሑፏ ከፈረሰ እዚህ የምትመጣበት ጉዳይ የለም። ባይነግራት ደግሞ የየሰዓቱን ይጥላቸዋል፤ የሚያጋልጠው አንድ ላሜራ ብቻ ነው፤ የጠዋቷ። የአሰላን ቀለም በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ብሩሽ ማሳረፍ ብቻ ነው።

ቀለሙን አማሰለው። እንደ ልማዱ በጥፍሩ ሞከረው፤ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበርና ጥፍሩ ከእስስቷ ጎን ጥፍት አለ። ቀለሙ እውነት ነው። ሐሰት የሚሆነው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሰዓት ደግሞ ማንም ጻፍ አላለውም።

ሃያ ሦስት ዓመት ቀለም ሲቀባ የተሳሳተበት መኪና ነበር። ይመለሳል። ባለቤቱ እየተሳደበ ያመጣዋል፤ ቀለሙ ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ይኼኛው ግን ወዴት ይመለሳል? መጽሐፍ ላይ ይሰፍርና ከአሰላ ማዶ ያለች እስስት ሌላ ናት ተብሎ ይቀራል። ኩልሱምም ስሟን ከሥሩ ጽፋለች። አንድ ቀን አንድ ሰው በማለዳ ተነሥቶ እስስቷን ያያታል።

ብሩሹን ቲነር ውስጥ ነከረው፤ እስኪነጣ ድረስ አጠበው።

ኩልሱም ቅዳሜ የመጣችው በጣም ደስ ብሏት ነው። ብርቱካን ይዛለች። ጫማዋን አውልቃ እንደተቀመጠች ስምንቱን ላሜራ በተራ ፊያቱ ወንበር ላይ ደረደረላት።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የአንዲት ናቸው። የአሰላዋ ናት፤ የትናንትና። ጀርባውን እይው።»

አንድ በአንድ ገለበጠች። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ሁለቱን ረድፍ።

«የእንድብሮቹን ስንት ሰዓት ነበር የሚይዟቸው?»

«ማለዳ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ጋሽ ተከስተ፣ ሲረጋጉ ነው ያልኩዎት እኮ!»

«ጸጥ ሲሉ አልሽኝ።»

ኑሪ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊታቸውን አይቶ ተመልሶ ገባ።

«ሰዓቱን ለምን አይጽፉትም?» ድምፅዋ ከፍ አለ። ወዲያው ደግሞ ወረደ። «አላልኩዎትም። እኔ ነኝ ያላልኩት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን።» ብርቱካኑ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ፤ አላነሣችውም። «ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። አማካሪዬን ምን እለዋለሁ?»

ተከስተ ብርቱካኑን አንሥቶ ወንበሩ ላይ አኖረው። በመጨረሻ፣ «ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ልዩነት ያለ ይመስለኛል» አላት። «ስምንት ሰዓት ላይ ጎን ለጎን ሳያቸው።»

«ሁለት እስስት ምንም አያስረዳም» አለች። በቁጣ አልነበረም። ስምንቱን ላሜራ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ሃምሳ ሁለቱን እዚያው ትታ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በሚቀጥለውም። ተከስተ ግን ይላጫል፤ ወንበሩንም ያብሳል። በሰኔ ዝናብ ሲገባ ጣራው አንድ ቦታ አፍስሶ ወንበሩን አበሰበሰው፤ አንቀሳቅሶ ደረቅ ቦታ አደረገው።

«አንተ ሰውዬ ሞኝ ነህ» አለው ኑሪ። «ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?»

«እስስቷ።»

ኑሪ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «እኔ እኮ የምልህ…» አለና መዶሻውን አንሥቶ ያልተጨረመተ ቦታ መታ መታ አደረገ። «ለሻይ ና። እኔ ነኝ የምጋብዝህ።»

ነሐሴ ላይ መጣች። ከስታለች። ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ጥራዝ ይዛለች። ዲፌንሱ ሁለት ወር ተገፍቶላት ነበር፤ የቀለሙን ምዕራፍ ቀድዳ ጥላ እንደገና ጻፈችው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እየተረጎመች አነበበችለት።

«‹በቀለም ባለሙያው በአቶ ተከስተ የተያዙት ሃምሳ ሁለት የቀለም ናሙናዎች ሰዓት ስላልተመዘገበላቸው ከጥናቱ ወጥተዋል።›» ቀና ብላ አየችው። «ቅር አይበልዎት። መጻፍ አለበት።»

«እውነት ነው። ቀጥዪ።»

«‹የአንዲት እስስት የአንድ ቀን ስምንት ናሙና፣ በዚሁ ባለሙያ ተነሣሽነት የተያዘ፣ በአንድ እንስሳ ላይ በቀን ውስጥ የሚታየው ለውጥ በሁለቱ አካባቢዎች መካከል አለ ተብሎ ከታሰበው ልዩነት እንደማያንስ ያሳያል። ስለዚህ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሙቀት ሳይያዝ በቀለም ብቻ የአካባቢ መልክ መለየት አይቻልም።›»

«ታዲያ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ?» አለ ኑሪ ከወዲያ።

«አይታወቅም» አለች ኩልሱም። «ላሜራዎቹ አያስረዱም። አንድ ሰው ሁለቱንም አገር ሄዶ፣ በአንድ ሰዓት፣ ብዙ እስስት ማየት አለበት። ዓመታት ይፈጃል።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዓመት ሙሉ ለፍታችሁ ‹አይታወቅም›!»

ተከስተ ግን መጽሐፉን ተቀብሎ፣ የማያነበውን ገጽ በጣቱ ዳበሰው። ስምንቱ ላሜራ ከአልኮል ጠርሙሶቹ ጋር በዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ክምችት ክፍል መቀመጣቸውን ነገረችው። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። በደቡብ በኩል አዲስ በተከፈተ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተመድባለች፤ ማክሰኞ ትሄዳለች።

«ጥሩ ነው» አለ። «እዚያም እስስት አይጠፋም።»

«አይጠፋም።»

ስትወጣ እስከ መንገዱ ሸኛት። ልጁን የሚሸኝ አባት ሊመስል ስላልፈለገ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ታክሲው ሲነሣ ለማውጣት ዘገየ።

ለአረፋ ደወለላት፤ ለፋሲካ ደወለችለት። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አግብታለች የሚል ከሱሩር ሰማ፤ ከዚያ ቁጥሯ ተቀየረ። ሃምሳ ሁለቱን ላሜራ ኑሪ እንዳይነካቸው አስጠንቅቆ ለብዙ ጊዜ አቆያቸው። በመጨረሻ አንድ ክረምት የቀለም ቆርቆሮ መክደኛ ሲያጣ አንዱን ተጠቀመበት፤ ከዚያ ሌላውን፤ ሳያስበው አለቁ።

በ2006 ዓ.ም. የጋራዡ ቦታ ለልማት እንደሚፈርስ ተነገራቸው። ኑሪ ወደ ልጁ ወደ ቡታጅራ ሊገባ ወሰነ። ተከስተ ከከተማው ዳር የአንድ ክፍል ቤት ደረሰው። ዕቃው ሊጫን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ረቡዕ፣ ተላጭቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። መስቀል አደባባይ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ ስለነበር ታክሲው ዞሮ ዞሮ ነው ያደረሰው።

በክምችት ክፍሉ ያለችው ጠባቂ ወጣት ናት፤ ስሟ ሐሴት እንደሆነ ደረቷ ላይ ተጽፏል።

«አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ላሜራ ነው የምፈልገው። ስምንት ላሜራ፤ ቀለም የተቀባ። የእስስት።»

ግራ ገብቷት መዝገብ አገላበጠች። ከዚያ አንድ መሳቢያ ስባ፣ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ከኋላዋ በመደርደሪያው ላይ እስስቶቹ በጠርሙሶቻቸው ውስጥ ቆመዋል፤ ሁሉም አመዳም።

ተከስተ አጎንብሶ አየ። ቀለሙ አርጅቷል። ከላይ የለበሰው ቫርኒሽ በአሥር ዓመት ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ጭረቱ ላይ የነበረው የደረቀ ደም ጡብ መስሏል። የሎሚ ቢጫው የለም። አንዱም አንድ ሰዓት ላይ ያያት እስስት አልነበረም፤ አንዱም የስምንት ሰዓቷ። በአንድ ጠብታ ሰማያዊ የሚመለስ ነበር፤ እጁ አወቀው። ግን ደግሞ ሁሉም እኩል ነው ያረጁት። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይጠቁራል፤ ሁለተኛው ከሦስተኛው፤ እንዲያ እያለ እስከ ስምንተኛው። በመካከላቸው ያለው ርቀት እንዳለ ነው።

«እርስዎ ተመራማሪ ነዎት?» አለች ሐሴት።

«የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«እና ይኼን በምን አወቁት?»

ሊነግራት ፈለገ። ስለ አውቶቡሶቹ፣ ስለ ማለዳው ብርድ። እሷ ግን ሰዓቷን አየች።

«ለምሳ ልዘጋ ነው አባባ። ከፈለጉ ከሰዓት ይመለሱ።»

«አይ፣ አይቼዋለሁ» አለ።

ላሜራዎቹን በተራቸው፣ ከጥቁሩ ወደ ለጋው፣ አንድ በአንድ አነባብሮ ሰጣት፤ ስትጠቀልላቸው ተራቸው እንዳይዛባ ቆሞ አየ። መሳቢያው ሲዘጋ ባርኔጣውን አጠለቀ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ የሞላ!» ይላል። ተከስተ የኋላውን ወንበር ይዞ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ አጠገቡ ማንም ሳይቀመጥ ታክሲው ተነሣ።